ከቤታችን ግቢ (ዩኒቨርሲቲ) የገባሁ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ሚድ ላይ 9 ከ30 አመጣሁ። ትቼ ልመለስ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «የመጣሁት ከደቡብ ጎንደር ገጠር ነው። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። አርባ ምንጭ ተመድቤ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽ ሆኛለሁ። ትምህርት ቤት ሁሌም አንደኛ ነበርኩ። እዚህ ግን ሒሳብ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) 9 ከ30 አመጣሁ። የዶርም ልጆች ላፕቶፕ አላቸው፣ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ሁሉን ነገር ያውቁታል። እኔ ክላስ ውስጥ ግማሹ አይገባኝም። አባቴ ወይፈን ሸጦ ነው የላከኝ። ሲደውል ‹ስንተኛ ወጣሽ?› ይለኛል፤ ‹ደህና ነኝ› ብዬ እዘጋለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ትቼ ልመለስ ወይስ እለምደው ይሆን? 10ኛ ክፍል የደረሰ ወንድሜም ስለ ግቢ ይጠይቀኛል፤ ምን እንደምለው አላውቅም።»

እህቴ፣ ቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ አትመለሽ። 9 ከ30 ወደ አገር ቤት የሚያስመልስ ውጤት አይደለም። የምሠራው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ውስጥ ነው። የሚድ ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ቢሮዬን ከሚያንኳኩት ብዙዎቹ እንዳንቺ ከቤተሰባቸው ቀድመው ግቢ የገቡ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ኋላ የተባረሩትን ሳስብ፣ ሚድ ላይ ከሁሉም ያነሰ ያመጡት አይደሉም። ችግራቸውን በሆዳቸው ይዘው ከርመው ፋይናል ሊጀመር ሲል የመጡት ናቸው። ያኔ ልረዳቸው ብፈልግም የቀረው ጊዜ አይበቃም። አንቺ በጊዜ ጠይቀሻል።

ፍርሃትሽ በጅምላ ስለሆነ በዝርዝር እንየው፤ ከቁጥሩ እንጀምር።

ሒሳብ የሚያዘው ከ100 ነው። በብዙ ግቢ ግማሹ ተከታታይ ምዘና ነው፤ ግማሹ ፋይናል። ሚዱ ከ30 ከሆነ፣ 20 ለኩይዝና ለአሳይመንት፣ 50 ለፋይናል ቀርቷል እንበል። ትክክለኛውን ክፍፍል በሴሚስተሩ መጀመሪያ በተሰጣችሁ ኮርስ አውትላይን ላይ ታገኚዋለሽ፤ ከሌለሽ ከክላስ ተጠሪያችሁ ቅጂ። እንግዲህ ካሁን በኋላ ከ20ው 15፣ ከ50ው 30 ብታመጪ፣ በእጅሽ ካለው 9 ጋር 54 ይሆናል። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሲ ነው፤ ሲ ደግሞ 2 ነጥብ ነው።

አሁን ሌሎቹን ኮርሶች እንጨምር። ኢንግሊሽ ቢ (3.0)፣ ሳይኮሎጂ ቢ ፕላስ (3.5)፣ ጂኦግራፊ ቢ (3.0)፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ ቢ ማይነስ (2.75)፣ ፊዚክስ ሲ ፕላስ (2.5)፣ ሒሳብ ሲ (2.0) አመጣሽ እንበል። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት (የኮርሱ ክብደት መለኪያ) ናቸው። ነጥቡን በ3 እያባዛሽ ደምሪው፤ 50.25 ይመጣል። ለ18 ክሬዲት ስታካፍዪው 2.79 ነው። ፊዚካል ፊትነስ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስላለው እዚህ ውስጥ አይገባም። እንዲያው የከፋው መጥቶ ሒሳብ ኤፍ ቢሆንብሽ እንኳ፣ ሌሎቹን በዚሁ ከያዝሽ 2.46 ይሆናል። ኤፍ ያገኘሽበትን ኮርስ ደግመሽ መውሰድ ስለሚኖርብሽ ቀላል ነገር ነው አልልሽም፤ ግን በአንድ ኮርስ ብቻ ከግቢ አትወጪም። በአጠቃላይ 2.00ን የያዘ ተማሪ በደህና ይቀጥላል። ከዚያ በታች ያለው እንደ ውጤቱ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ወይም ዲስሚሳል (ስንብት) ያገኘዋል፤ የዩኒቨርሲቲሽን ትክክለኛ ወሰን የሴኔት ሕጉ ይነግርሻል። ሬጅስትራር ሄደሽ «የፍሬሽ ተማሪ የማለፊያ ነጥብ ስንት ነው? ዋርኒንግስ ከስንት ጀምሮ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ የወደቀ ተማሪ አያስመስልሽም።

ይህን ስሌት ወረቀት ላይ በራስሽ እጅ ሥሪው። ሌሊት የሚያነቃሽ ነገር ቁጥር ሆኖ ሲታይሽ መጠኑ ይታወቃል።

የዶርም ልጆችሽ «ሁሉን ነገር ያውቁታል» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ምን እንደሚያውቁ ልብ ብለሽ ብታዪ፣ አብዛኛው ከትምህርቱ ጋር የሚገናኝ አይደለም። አንዷ ታላቅ ወንድሟ ግቢ ጨርሷል፤ ገና ሳትመጣ «አሳይመንት እንዳታሳልፊ፣ የሲኒየሮችን የድሮ ፈተና ፈልጊ፣ ክላሱ የቴሌግራም ግሩፕ ካለው ቶሎ ግቢ» ብሏታል። የሌላዋ እናት መምህርት ናት፤ ጂፒኤ (የውጤት አማካይ ነጥብ) ምን እንደሆነ እራት ላይ ሲወራ ሰምታለች። ያንቺ አባት የሚያውቀውን ሁሉ ነግሮ አሳድጎሻል፤ ስለ ክሬዲት አወር የሚነግርሽ ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እነሱ ቤታቸው የሰሙትን አንቺ እዚህ መጠየቅ አለብሽ። የሚጠየቁትም በቅርብሽ ናቸው፦ ከአንድ ዓመት በፊት ፍሬሽ የነበረች የሁለተኛ ዓመት ልጅ፣ የክላስ ተጠሪ፣ ፕሮክተሯ (የዶርም ተቆጣጣሪዋ)። በተለይ የሁለተኛ ዓመቷን ፈልጊ። ያለፈውን ዓመት ወርክሺትና ፈተና ብዙ ጊዜ የምታገኚው ከሷ ነው፤ የዛሬው ጭንቀትሽም ገና ከሷ አልጠፋም።

ያለፍሽውንም በር አስታውሺ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በሁለቱም ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ክላስሽ ውስጥ የተቀመጡት እንዲህ ካለ ማጣሪያ የመጡ ናቸው፤ ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እዚህ ተሰብስበዋል። «አንደኛ ነበርኩ፣ አሁን አይደለሁም» የሚለውን ስሜት ዙሪያሽ ያሉት ብዙዎቹ ይዘውታል፤ ከተሜዎቹም ጭምር።

አሁን ወደ ሥራው። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ብትችዪ የሒሳብ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ። የምክክር ሰዓታቸው አብዛኛውን ጊዜ በራቸው ላይ ተለጥፏል። ይህ ለአንቺ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛ ገጠር ስናድግ ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፣ ጥያቄ ማብዛት ደግሞ ድፍረት። እዚህ ግን ተማሪን ማነጋገር የመምህሩ የሥራ ሰዓት አካል ነው። ምን እንደምትዪ ካስቸገረሽ እንዲህ በያቸው፦

«ደህና ዋሉ መምህር። የዚህ ሴክሽን ተማሪ ነኝ። ሚድ 9 ነው ያመጣሁት። ወረቀቴን አይቼ የት የት እንደሳትኩ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለፋይናል የትኛው ላይ ባተኩር ይሻለኛል?»

ይሄው ነው፤ ከዚህ በላይ አታስረዪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። በዚያ ሰዓት ካልተመቻቸው «መቼ ልምጣ?» ብለሽ ቀን ያዢ። መልሳቸው ቀዝቀዝ ያለ ቢሆን እንኳ በአንቺ ላይ የተለየ ቂም ይዘው አይደለም፤ በሌላ ቀን ተመልሰሽ ሂጂ ወይም ቱቶሪያል የሚሰጠውን ፈልጊ።

ወረቀቱን ስታዪ የሳትሻቸውን ጥያቄዎች በሦስት ክፈያቸው። ጨርሶ ያልተማርሽው፣ ተምረሽው ፈተና ላይ የጠፋብሽ፣ ጊዜ ያለቀብሽ። እነዚህ ሦስቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። የፍሬሽ ሒሳብ ሞጁል የሚጀምረው በፕሮፖዚሽናል ሎጂክና በሴት (ስብስብ) ነው፤ ከዚያ ሪልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ እያለ ይሄዳል። ከዚህ የተወሰነው በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በገጠር ትምህርት ቤት መምህር ጠፍቶ ወይም ዓመቱ አልቆ ያልተሸፈኑ ምዕራፎች ሞልተዋል። የሳትሻቸው ጥያቄዎች ከነዚያ ምዕራፎች ከሆኑ፣ ሞጁሉን አሥሬ ከመደጋገም የሁለተኛ ደረጃውን መጽሐፍ አውጥተሽ ምሳሌዎቹን እየሠራሽ መነሣት ይሻልሻል። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ የድሮ ፈተና ሰዓት ይዘሽ ሥሪ። ሦስተኛው ከሆነ የምታውቂውን አስቀድመሽ መሥራት ልመጂ፤ አንድ ጥያቄ ላይ ተቸንክረሽ ሃያ ደቂቃ አታቃጥዪ።

ብዙ ልጆችን የሚያታልል ሌላ ነገር አለ። ትምህርት ቤት በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ያህል ክፍል ውስጥ ትቀመጪ ነበር። እዚህ 18 ክሬዲት ማለት በሳምንት 18 ሰዓት ገደማ ክላስ ነው። ቀሪው ባዶ ይመስላል፤ እንቅልፍና ወሬ ይወስደዋል። ያ ጊዜ ግን ለግል ጥናት የተተወ ነው፤ ኮርሶቹ የተሰሉትም እንደዚያ ነው። ከጠዋት ክላስ ስትወጪ ዶርም አትመለሽ፤ ቀጥ ብለሽ ላይብረሪ ግቢ። አልጋሽን ካየሽ በኋላ መውጣት ይከብዳል።

እንግሊዝኛው ደግሞ በንግግር አይመዘንም። ዶርም ውስጥ በእንግሊዝኛ መቀለድ የሚችሉ ልጆች ከኬጂ ጀምረው ሰምተውት ነው፤ ፈተና ላይ የሚያስፈልግሽ አንብቦ መረዳትና መጻፍ ነው። ነገ የሚሰጠውን ክፍል ዛሬ ማታ ሁለት ሦስት ገጽ ቀድመሽ አንብቢ። ያልገባሽን ቃል በደብተር ጥግ ጻፊና ትርጉሙን ፈልጊለት። ቀድመሽ ያየሽውን ቃል መምህሩ ሲያነሣው ጆሮሽ ይይዘዋል፤ «ግማሹ አይገባኝም» ያልሽው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲቀንስ ታዪዋለሽ። ላፕቶፕ ለፍሬሽ ዓመት ግዴታ አይደለም። ሞጁሉ ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ስልክሽ ካልቻለ ላይብረሪ ኮምፒዩተር አለ፤ ዋና ዋናውን ፎቶ ኮፒ ቤት አስወጪ።

አሁን ስለ አባትሽ። «ስንተኛ ወጣሽ?» ሲልሽ የሚጠይቅሽ የሚያውቀውን ነው፤ የትምህርት ቤት ካርድሽ ላይ ያየው ደረጃ ነው። እዚህ ደረጃ እንደማይወጣ ማንም አልነገረውም። አንቺ «ደህና ነኝ» ብለሽ ስትዘጊ እሱ አንደኛ መሆንሽን ይሰማል። በየሳምንቱ የምትሸከሚው ውሸት ያልሆነ ውሸት ይከብድሻል፤ ከሒሳቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሳሽ ይሄ ይመስለኛል። ስለዚህ በሚገባው ቋንቋ እውነቱን ንገሪው፦

«አባባ፣ እዚህ እንደ ትምህርት ቤቱ ደረጃ አይወጣም። ውጤቱ ከአራት ነው፤ ሁለት የያዘ ያልፋል። ሒሳቡ ከብዶኛል፤ መምህሩን አነጋግሬ እያጠናሁ ነው። ሌላው ደህና ነው። የሴሚስተሩ ውጤት ሲወጣ ደውዬ እነግርሃለሁ።»

ለአባትሽ «እርስዎ» የምትዪ ከሆነ እንደ ቤታችሁ ልማድ አስተካክዪው። ዋናው ነገር መቼ ውጤት እንደሚወጣ ቀን ሰጥተሽዋል፤ በየስልኩ መጠየቁን ይተዋል። ጎረቤትም ዘመድም «ዶክተር መቼ ነው የምትሆኚው?» ማለቱ አይቀርም። ለእነሱም ከፍሬሽ በኋላ በውጤትና በምርጫ ዲፓርትመንት እንደሚደለደል፣ ገና እንዳልተወሰነ ንገሪያቸው። በእርግጥም የፍሬሽ ጂፒኤ ዲፓርትመንት ስለሚወስን ሒሳብን ብቻ ስታሯሯጪ ሳይኮሎጂንና ጂኦግራፊን እንዳትረሺ። ቀላል የሚባሉት ኮርሶች ላይ የሚገኘው ኤ ከባዱ ላይ የጎደለውን ይሞላል።

ወይፈኑን በተመለከተ፣ አባትሽ አስቦበት የሸጠው ነው። ዕዳ አድርገሽ በየምሽቱ አትቁጠሪው። ይልቅ ተጨማሪ እንዳይሸጥ ማድረግ ትችያለሽ። ፍሬሽ ዓመት ላይ ነን ካፌ አትሁኚ፤ የምግቡን ገንዘብ በእጅ መቀበል ያጓጓል፣ ግን ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቅባቸው ብዙ ናቸው፣ ከዚያ ቤተሰብ ጋ መደወል ይመጣል። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት የዶርም ልጆችን ሠርተሽ የሳሙናና የካርድ ማግኘት ይቻላል፤ ከቅዳሜ ግን አታሳልፊው። የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ድጋፍና ቱቶሪያል አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አለ፣ ብዙ ሴቶች ግን ሳያውቁ ይመረቃሉ። የፈረምሽው የወጪ መጋራት ፎርም በ1995 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የመጣ ነው፤ የሚከፈለው ተመርቀሽ ገቢ ስታገኚ ከገቢሽ እየተቆረጠ ነው እንጂ አባትሽ አሁን የሚጠየቀው ብር የለም። ይህንንም ንገሪው፤ «ልጄን በዕዳ አስፈረሙብኝ» ብለው የሚጨነቁ ወላጆች ገጥመውኛል።

የሴቶች ጉዳይ ቢሮው ሌላም ጥቅም አለው። መምህርም ይሁን ሌላ ሠራተኛ ውጤትን ሰበብ አድርጎ ያልተገባ ነገር ቢጠይቅሽ ብቻሽን አትያዢው። ቀኑንና የተባለውን ጽፈሽ፣ መልእክት ካለም ሳታጠፊ ይዘሽ ሂጂ።

ስለ ጤና ሁለት ነገር። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ወባ አለበት፤ አንቺ ከደጋ ከሆንሽ ሰውነትሽ አያውቀውም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ራስ ምታት ሲሰማሽ «የፈተና ድካም ነው» ሳትዪ በዚያው ቀን ተማሪዎች ክሊኒክ ተመርመሪ፤ በአጎበር ተኚ። ሁለተኛው እንቅልፉ ነው። ከአባትሽ ጋር ተነጋግረሽ፣ ቁጥሩንም ሠርተሽ ካላለፈ፣ ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍም ምግብም እምቢ ካለሽ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ለምክር አገልግሎቱ ወይም ለክሊኒኩ ንገሪ፤ ይህ ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ንገሪ፣ ሌሊት ከሆነም ፕሮክተሯን ወይም አጠገብሽ የተኛችውን ልጅ ቀስቅሺ። ይህን መናገርሽ ጸሎትሽንና ጸበልሽን አያስቀርብሽም። ግቢ ጉባኤ ወይም የእምነትሽ ጀመዓ ካለ ሂጂበት፤ ከየቦታው የመጡ ሲኒየሮች በስም ጠርተው የሚያውቁሽ እዚያ ነው። ምሽቱን ሁሉ ግን አትስጪው።

እንዳልኩሽ አትመለሽ። ግን ሕይወት ነው፤ ቤት ሰው ታሞ ወይም ሌላ ነገር መጥቶ የግድ መሄድ ቢኖርብሽ፣ ሻንጣ ይዞ መውጣትና ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ መውጣት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ፎርም ሳይሞላ የጠፋ ተማሪ በየኮርሱ ኤፍ እየተያዘበት ይባረራል። በወጉ የሞላ ግን በቀጣዩ ዓመት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቆ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። አባቱ ታሞበት በዚያው ሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ የሄደ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ ሲመለስ ስሙ ከዝርዝር ወጥቶ ነበር። ሬጅስትራርና የዲኑ ቢሮ ሄዶ ያንን ወረቀት መጨረስ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። ለአጭር ጊዜ ለለቅሶ የምትሄጂም ከሆነ መምህሮችሽን አሳውቀሽ፣ ማስረጃ ይዘሽ ተመለሽ፤ ያመለጠ ፈተና ካለ ሜካፕ (ማካካሻ ፈተና) የሚጠየቀው በዚያ ነው።

ለወንድምሽ የምትዪው ደግሞ አሁን አለሽ። ስለ ግቢ ሕንፃና ስለ ዶርም ሊሰማ ይፈልጋል፤ ንገሪው። ከዚያ ግን በሚድ ወረቀትሽ ላይ የሳትሻቸውን ርዕሶች በዝርዝር ላኪለት፤ በሚመጣው ዓመት 11ኛ ክፍል ሲገባ ፈንክሽኑን መምህር ዘለለው ብሎ እንዳይተወው፣ መጽሐፉን ከፍቶ ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ ይሥራ፣ ያልገባውን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ።